ስለ ጥንቱ የጠፈር ንግድ ጨዋታና ስለ ጎሬና ጋምቤላ ንግድ

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር በሚወጣው በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ኢሉባቦር ታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ የታሪክ መምህራችን ባዘዙኝ ጊዜ፥ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ጦርነትና ስለ መኳንንት ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን ስለ እነዚህ የተጻፈ ብዙ ስለ ሆነ፥ እኔ ከአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ተነሥቼ ወደ አባቶቻችን የንግድ መንገድ ለመድረስ ቈረጥሁ። ጨዋታንና ታሪክን ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። በአገራችን የተደረገውን በእኛ አቈጣጠር (ዓ.ም.)፥ በውጭ አገር የተደረገውን በአውሮፓውያን አቈጣጠር (እ.ኤ.አ.) ጽፌዋለሁ።

ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሥራ ይዞ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለዕረፍት ወደ መቱ መጥቶ ነበር። የመቱ ክረምት እንደሚታወቀው ነው፤ ዝናቡ አንድ ጊዜ ከጀመረ ቀኑን ሙሉ አያባራም። እርሱም በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ በኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ጨዋታ ይጫወት ነበር። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ ተጫዋቹ አንዲት ትንሽ የጠፈር መርከብ ይዞ ከአንዱ ፕላኔት ወደ ሌላው ይመላለሳል፤ ዕቃ ከረከሰበት ገዝቶ ከተወደደበት ይሸጣል፤ በመንገድም ሽፍታ ያደባበታል። አባታችን ጥቂት ቆመው ካዩ በኋላ፥ «ይህ ልጅ እኮ ቀኑን ሙሉ የሌለ ዕቃ ለሌለ ሰው ሲሸጥ ይውላል!» ብለው እየሣቁ ወጡ።

አያታችን ግን አልሣቁም። እርሳቸው ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት በላይ ነው። ጋቢያቸውን ደርበው ቀረብ አሉና፥

«ምን ጭነሃል፥ ልጄ?» ብለው ጠየቁት።

«ምግብና ጨርቅ ነው፥ እማማ።»

«ወዴት ትወስደዋለህ?»

«ፋብሪካ ወደ በዛበት አገር፤ እዚያ እህል ውድ ነው።»

«መንገዱስ ደኅና ነው? ኬላስ አለበት?»

ወንድሜ ፊቱን ከኮምፒዩተሩ አንሥቶ በመደነቅ ተመለከታቸው። ይህን ጨዋታ ለብዙ ዓመት ሲጫወት ከቤታችን ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀው አልነበረም። እርሳቸውም፥ «አባቴ የሲራራ ነጋዴ አልነበረም እንዴ! ከጎሬ ጋምቤላ እየተመላለሰ አይደለም እንዴ ያሳደገን!» አሉ። እኔም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያሰብሁት በዚያች ሰዓት ነው።

የጨዋታው ታሪክ

ወንድሜ የሚጫወተው ጨዋታ በአዲስ መልክ የተሠራ አሮጌ ጨዋታ ነው። በከዋክብት መካከል የመነገድ ጨዋታ ከተጀመረ 50 ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ «ስታር ትሬደር» የሚባል ጨዋታ ታትሞ ወጥቶ ነበር፤ ይኸውም ሥዕል የሌለው፥ በጽሑፍና በቍጥር ብቻ የሚካሄድ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው ግን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1984 በእንግሊዝ አገር የወጣው «ኤሊት» ነው።

ኤሊትን የሠሩት ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል የተባሉ ሁለት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የሠሩበትም ኮምፒዩተር ቢቢሲ ማይክሮ የሚባለው፥ በብዙ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ይገኝ የነበረው ነው። የዚህ ኮምፒዩተር የማስታወስ ኀይል 32 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ዛሬ በእጅ ስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ በዚህች ጠባብ ቦታ ሁለቱ ተማሪዎች 8 ጋላክሲዎችን፥ በእያንዳንዱም ውስጥ 256 ፕላኔቶችን አገቡ። ይህን እንዴት አደረጉት ቢባል፥ የፕላኔቶቹን ስምና ጠባይ አንድ በአንድ በመጻፍ አይደለም፤ ከጥቂት ቍጥሮች ተነሥቶ በሒሳብ ስሌት የየአገሩን ስም፥ አገዛዝና ሀብት የሚያወጣ ሥርዓት አበጁ እንጂ። ስሌቱ አንድ ስለ ሆነ ውጤቱም ዘወትር አንድ ነው፤ አንድ ተጫዋች ዛሬ የጐበኘው ፕላኔት ነገም ሲመለስ በዚያው ስሙ ይቈየዋል። በሒሳብ ትምህርት ለምንሰለች ተማሪዎች ይህ ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል።

የጨዋታው ደንብ ቀላል ነው። ተጫዋቹ ሲጀምር 100 ክሬዲት ገንዘብና 20 ቶን የምትጭን አንዲት መርከብ ይሰጠዋል። ነዳጁ ከ7 የብርሃን ዓመት በላይ አያስኬደውም፤ ስለዚህ የሩቁን ገበያ ለመድረስ በየመካከሉ ማረፍ አለበት። ገበሬዎች በሚበዙበት ፕላኔት ምግብ ይረክሳል፤ ፋብሪካ በሚበዛበት ደግሞ መሣሪያና ኮምፒዩተር ይረክሳል። ሥርዓት በሌለበት አገር መንገዱ በሽፍታ የተሞላ ነው። መርከቦቹና ፕላኔቶቹ በመስመር ብቻ የተሣሉ ነበሩ። ጨዋታው «አሸንፈሃል፤ አለቀ» የሚልበት ቦታ የለውም፤ ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚነግድ የሚወስነው ተጫዋቹ ራሱ ነው። በዚያን ጊዜ ይህ አዲስ ነገር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. መስከረም 1984 በእኛ አቈጣጠር የ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ያ ዓመት ለአገራችን የታላቁ ረኃብ ዓመት ነበር። የካምብሪጅ ተማሪዎች በከዋክብት መካከል እህል የሚነግድ ጨዋታ ባወጡበት ዓመት፥ በድርቅ ከተጐዱት ከወሎና ከትግራይ ብዙ ሕዝብ ለሰፈራ ወደ ምዕራብ አገር፥ ወደ ኢሉባቦርም ጭምር ይመጣ ነበር። በዚህ ትምህርት ቤት ከምንማረው መካከል የእነዚያ ሰፋሪዎች የልጅ ልጆች አሉ። ይህንን የምጽፈው የእንግሊዝን ልጆች ለመውቀስ አይደለም፤ እህል ከተረፈበት ወደ ጠፋበት ማጓጓዝ በአንዱ አገር ጨዋታ ሲሆን በሌላው አገር የሞትና የሕይወት ጉዳይ እንደ ነበረ ለማስታወስ ነው።

ስለ ጥንቱ ጨዋታ ናፍቆት

ኤሊትን በልጅነታቸው የተጫወቱ ሰዎች ጐልማሶች ከሆኑ በኋላም አልረሱትም። እ.ኤ.አ. በ1993 ሁለተኛው ክፍል «ፍሮንቲየር» በሚል ስም ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ላይ ደግሞ ዴቪድ ብሬበን ጨዋታውን እንደገና ለመሥራት ከሕዝብ መዋጮ በጠየቀ ጊዜ፥ ከ1 ሚሊዮን 500 ሺህ ፓውንድ በላይ ተዋጣለት። ይህም ጨዋታ «ኤሊት ዴንጀረስ» ተብሎ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ወጣ፤ በውስጡ ያሉት ከዋክብት 400 ቢሊዮን ያህል ናቸው ይባላል። ከዚህም ሌላ የጥንቱን ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች በፈቃዳቸው ሠርተው በነፃ ያደሉት «ኦላይት» የሚባል አለ። ወንድሜ የሚጫወተው ይህንኑ ነው፤ ገንዘብም ኢንተርኔትም አይጠይቅም።

ወንድሜ እ.ኤ.አ. በ1984 አልተወለደም ነበር። ታዲያ ያላየው ዘመን እንዴት ይናፍቀዋል? ይህን ብጠይቀው እንዲህ ሲል መለሰልኝ፤ «በትልልቆቹ ጨዋታዎች ሥዕሉ ያስደንቃል፤ እኔ ግን የምወደው መርከቧ ትንሽ መሆንዋን ነው። 20 ቶን ብቻ ስለምትጭን ምን እንደምይዝና ምን እንደምተው ማሰብ አለብኝ። ያለችኝን ሁሉ አንድ ዕቃ ላይ አውዬ በመንገድ ሽፍታ ቢያገኘኝ ሁሉም ይጠፋል። ያ ልብ ምት ነው የሚጥመኝ።»

ከዚህ መልስ እንደ ተረዳሁት፥ የጥንቱን ጨዋታ የሚናፍቁ ሰዎች የሚናፍቁት ሥዕሉን አይደለም፤ የጭነቱን ማነስ፥ የመንገዱን ርዝመትና የሒሳቡን ጭንቅ ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ በእኛው አገር፥ በጎሬና በጋምቤላ መካከል፥ ያለ ኮምፒዩተር የተደረገ ነገር ነው። አሁን ወደዚያ ልግባ።

የጎሬና የጋምቤላ ንግድ

ጎሬ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ራስ ተሰማ ናደው ኢሉባቦርን በሚገዙበት ዘመን የግዛቱ መቀመጫ ነበረች፤ ከእርሳቸውም በኋላ ለብዙ ዘመን የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ ሆና ኖራለች። ከተማዋ በ2000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተሠራች ደጋ ናት። ከእርስዋ ወደ ምዕራብ ቡሬ አለች፤ ከቡሬ በኋላ አገሩ በአንድ ጊዜ ያዘቀዝቅና ቆላ ይሆናል። በዚያ ቆላ፥ ከባሕር ጠለል 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ፥ በባሮ ወንዝ ዳር ጋምቤላ ትገኛለች።

በመቱ አጠገብ የሚያልፈው የሶር ወንዝ ወደ ገባ ይገባል፤ ገባና ብርብር ተገናኝተው ባሮን ይፈጥራሉ፤ ባሮ ወደ ሶባት፥ ሶባት ወደ ነጭ ዓባይ፥ ነጭ ዓባይም ወደ ካርቱም ይወርዳል። ስለዚህ ከመቱ ሥር የሚያልፈው ውኃ ራሱ ወደ ዓለም ገበያ የሚያደርስ መንገድ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን መንገድ ለንግድ የከፈተው በግንቦት 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተደረገው ውል ነው። በዚህ ውል መሠረት እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር፥ በኢታንግ አካባቢ፥ የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ እንዲይዙ ተፈቀደላቸው፤ ይህም የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለ ድረስ ብቻ ነበር። በኋላ ግን ከኢታንግ ይልቅ ጋምቤላ ተመረጠችና እ.ኤ.አ. በ1904 ጣቢያው በዚያ ቆመ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ በወንዝ ተጕዘው ጋምቤላ ይደርሱ ጀመር።

የዚህ መንገድ ጥቅም ምን እንደ ነበረ ለመረዳት ካርታ መመልከት ይበቃል። ከመቱ እስከ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጅቡቲ ባቡርም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ተጭኖ አገሩን ሁሉ አቋርጦ ወደ ምሥራቅ ይሄድ ዘንድ ነበረበት። በጋምቤላ በኩል ግን ቁልቁለቱን ከወረደ በኋላ የቀረውን መንገድ መርከብ ይሸከመዋል። ስለዚህ ቡና፥ ሰምና ቆዳ ወደ ታች ሲወርድ፥ ጨው፥ አቡጀዲና ሌላም የፋብሪካ ዕቃ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች በጎሬና በጋምቤላ ሱቅና መጋዘን ከፈቱ፤ በጎሬም የእንግሊዝ ቆንስላ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ይህን የጋምቤላ ንግድ መርምረው ስለ ጻፉ፥ በሰፊው ለማወቅ የሚሻ ተማሪ የእርሳቸውን ጽሑፎች ፈልጎ ቢያነብ ይጠቀማል።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ጎሬ ያልተያዘው የኢትዮጵያ ክፍል የመንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ ልዑል ራስ እምሩና ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በዚያ ነበሩ፤ የጥቁር አንበሳ ማኅበር አርበኞችም ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተሰልፈው ተዋጉ። ኢጣሊያኖች ጎሬን የያዙት በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነው። ከነፃነት በኋላ ጋምቤላ እንደገና በእንግሊዞች እጅ ቈየች፤ ነገር ግን ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ በወጣ ጊዜ የውሉ ዘመን በራሱ ቃል አለቀ፤ ጣቢያውም በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ተመለሰ። እየዋለ ሲያድር የመኪና መንገድ ቡናውን ወደ በደሌና ወደ ጅማ፥ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሳበው። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫም በኋላ ወደ መቱ ዞረ። ጎሬ ዝም አለች።

እኛ የሠራነው የወረቀት ጨዋታ

አያታችን ይህን ዘመን ሲያወሩ ፊታቸው ያበራል። አባታቸው ከመንገድ ሲመለሱ የበቅሎዎቹ ቃጭል ከሩቅ ይሰማ እንደ ነበር፥ ልጆቹም ሁሉ እየሮጡ ይቀበሏቸው እንደ ነበር፥ ጭኮና በሶ በስልቻ ይሰነቅ እንደ ነበር ነገሩኝ። እኔም ይህን በትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ ባወራሁ ጊዜ፥ ጓደኞቼ «ለምን እኛም እንደ ኤሊት ያለ የጎሬና የጋምቤላ ጨዋታ አንሠራም?» አሉ። ኮምፒዩተር ስለማይበቃን በትልቅ ወረቀት ላይ መቱን፥ ጎሬን፥ ቡሬንና ጋምቤላን ሣልን፤ በመካከላቸውም የዕለት ጉዞ መስመር አደረግን። የቡና ፍሬ በቅሎ ይሆናል፤ ዳማ ጠጠር ገንዘብ ይሆናል። እያንዳንዱ ተጫዋች እንደ ጥንቱ ጨዋታ በ100 ይጀምራል፤ የእኛው ግን ማርትሬዛ ብር ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ሀብታሞች ሆንን። መምህራችን ወረቀቱን ተመልክተው፥ «ይህ ንግድ አይደለም፤ እናንተ ኬላውን ረስታችኋል» አሉ። እውነት ነው፤ ኬላ ጨመርን። በሁለተኛው ጊዜ ወረቀቱን ለአያታችን አሳየኋቸው። እርሳቸውም፥ «ቡናው የሚለቀመው መቼ ነው? ወንዙስ የሚሞላው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ይህን ከቶ አላሰብነውም ነበር። ቡና የሚለቀመው ከክረምት በኋላ ነው፤ መርከብ ግን ወደ ጋምቤላ የሚደርሰው ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ የቡሬ ቁልቁለት ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ነጋዴው በበጋ ቡናውን አውርዶ በጋምቤላ መጋዘን ያስቀምጥና መርከቡን ይጠብቃል፤ ወይም ዋጋ ሳይወጣለት እዚያው ላለ ነጋዴ ሸጦ ይመለሳል። ገንዘቡ በዚያ ሁሉ ወራት ታስሮ ይቀመጣል። ይህን ደንብ ስንጨምር ከስድስታችን ሦስቱ ከሰርን።

ቀጥሎም የቆላውን በሽታ ጨመርን፤ ሰውን ወባ፥ በቅሎን ገንዲ ይይዘዋል። ከዚያም የተሸካሚውን ደመወዝ ጨመርን፤ በቅሎ በማይዘልቅበት ቦታ ፈረሱላውን በጀርባው የሚያወርድ ሰው አለና። ደንብ በጨመርን ቍጥር ጨዋታው እየከበደ ሄደ፤ ነገር ግን እየጣመንም ሄደ። አንዲት ጓደኛዬ፥ «አሁን ገና የአያቶቻችን ትከሻ ታወቀኝ» አለች።

በዝርዝሩ ውስጥ የነበረው ቃል

ከዚህ በኋላ ግን ያላሰብነው ችግር መጣ። የዕቃዎቹን ዝርዝር ለማውጣት የጥንቱን ጨዋታ ዝርዝር ወሰድን። በዚያ ዝርዝር ላይ ምግብ፥ ጨርቅ፥ መጠጥ፥ ኮምፒዩተር፥ መሣሪያ፥ የአውሬ ቆዳ፥ ወርቅ ይገኛሉ። በመካከላቸው አንድ ቃል አለ፤ «ባሮች» ይላል። በጨዋታው ውስጥ ይህን ጭነት መያዝ ወንጀል ነው፤ ፖሊስ ያሳድዳል፤ ቢሆንም እንደ ሌላው ዕቃ ሁሉ ዋጋ አለው፥ በቶንም ይለካል።

ወንድሜ ይህን ዝርዝር ለአያታችን በአማርኛ ባነበበላቸው ጊዜ፥ በዚያ ቃል ላይ ሲደርስ የያዙትን ሲኒ አስቀመጡ። ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉ፤ «አባቴ ሸጧል አልልህም፤ አልሸጠም ብዬም አልምልልህ፤ አላውቅምና። በቤታችን ግን አንዲት ሴት ነበረች፤ እኔን አዝላ ያሳደገችኝ እርስዋ ናት። ነፃነት ታወጀ ከተባለም በኋላ የምትሄድበት ስለሌላት ከእኛው ጋር ቀረች። ቤተ ሰቡ ያወጣላት ስም ነበረ፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም ግን አንድ ቀን እንኳ የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኋትም።» ከዚያም ወንድሜ ጨዋታውን ዘጋው። በዚያ ምሽት ማንም ብዙ አልተናገረም።

ይህን በክበባችን ስናገር ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን፥ «በዓል እያከበርን ነው፤ ወላጆች የሚያዩት ነገር ነው፤ ይህን ማውጣት ራሳችንን ማዋረድ ነው» አለ። ሌላዋ ደግሞ፥ «ቡናውን ጽፈን ሰውን ብንተው ሒሳቡ ውሸት ይሆናል» አለች። ሦስተኛው፥ «እንግዲያውስ በዋጋው እንጻፈው» ቢል ሁላችንም ደነገጥን፤ ዋጋውን የሚጽፍ እጅ አልተገኘም።

መምህራችን አልፈረዱም። ታሪኩን አንብበን እንድንመለስ አዘዙን። ያነበብነው ይህ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በምዕራቡ ጠረፍ ሰዎች እየተፈነገሉ ለባርነት ይወሰዱ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. መጀመሪያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባርነትን ነገር ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በዚያውም ዓመት ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ሕግ ወጣ። ከጠላት ወረራ በኋላም በ1934 ዓ.ም. ባርነት በዐዋጅ ፈጽሞ ተከለከለ። የአያታችንም ሞግዚት ነፃ ሆነሻል የተባለችው በዚህ ዐዋጅ ይመስለኛል።

በመጨረሻ የተስማማንበት እንዲህ ነው። በዝርዝሩ ላይ ቃሉን ጻፍነው፤ በዋጋው አንጻር ግን ባዶ ቦታ ተውን። ማንም ተጫዋች ሊገዛው ወይም ሊሸጠው አይችልም። በመንገዱ ላይ ግን አንድ ነጥብ አለ፤ በዚያ ነጥብ ላይ የደረሰ ሁሉ ተራውን አቁሞ በካርዱ ላይ የተጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ አለበት። በካርዱ ላይ የ1916ቱና የ1934ቱ ሕጎች ተጽፈዋል፤ ከሥራቸውም «ስሟን ያልጠየቅናት» የሚል አንድ መስመር አለ። «ራሳችንን ማዋረድ ነው» ያለው ጓደኛችን ካርዱን በጥሩ የእጅ ጽሕፈቱ የጻፈው እርሱ ራሱ ነው።

መደምደሚያ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን ተማርን ብዬ ብጠየቅ መልሴ የሚከተለው ነው። ሰው ያለፈውን ነገር በሚናፍቅበት ጊዜ የጣመውን ይዞ የመረረውን መተው ልማዱ ነው። የኮምፒዩተር ጨዋታ የሚሠራ ሰው ይህን ቢያደርግ ማንም አይወቅሰውም፤ ጨዋታ ነውና። አሮጌውን ጨዋታ አሳምሮ እንደገና ይሠራል፤ ከዋክብቱን ከ2000 ወደ 400 ቢሊዮን ያበዛል። ታሪክን እንደገና የሚጽፍ ሰው ግን እንዲህ ያደርግ ዘንድ አይገባውም። የጎሬን ሱቆች፥ የበቅሎዎቹን ቃጭል፥ የባሮን መርከብ ስናስታውስ በቡሬ ቁልቁለት ፈረሱላ የተሸከመውን ሰው፥ ያለ ፈቃዷም የሰው ልጅ ያዘለችውን ሴት አብረን እናስታውስ። ናፍቆቱም ያኔ የበለጠ እውነት ይሆናል እንጂ አይጠፋም፤ አያታችን እስከ ዛሬ የአባታቸውን የበቅሎ ቃጭል ይናፍቃሉ፤ እኔም ከእርሳቸው ጋር እናፍቃለሁ።

የኢሉባቦር ቡና ዛሬም አለ። የያዮ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ከዓለም የተጠበቁ የሕይወት ቀጠናዎች መካከል ተመዝግቧል። ደኑን የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ሁሉ፥ ቡናው የተጓዘበትን መንገድ ትዝታ የሚጠብቅ ሰውም ያስፈልጋል። ስለዚህ በመጨረሻ ሁለት ልመና አለኝ። ወላጆችና አያቶች ሆይ፤ በዓሉን ለማየት ስትመጡ የወረቀት ጨዋታችን በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷልና ተቀምጣችሁ ተጫወቱት፤ የተሳሳትነውን አርሙን፤ የምታውቁትን ስምና ቦታ ጨምሩልን። እናንተም ጓደኞቼ፤ በየቤታችሁ ዕድሜ የጠገቡ ሰዎች ካሉ ዛሬውኑ እርሳስና ደብተር ይዛችሁ ጠይቋቸው። አያታችን ያን ሳይጠይቁ የቀሩትን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይጸጸቱበታል፤ እኛ ግን ገና ጊዜ አለን።

ለትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜ፥ ለመምህራኖቻችንም ጤናን እመኛለሁ።